ሁለት መኪና ድርቆሽና አንድ የተደበቀ ዕቅድ

ትርንጎ ነገሌ ቦረና ገበያ አጠገብ፣ ባጃጆች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ጁነይድን ድንገት ባታገኘው ኖሮ፣ የቤቱን ጉድ የምትሰማው ከሁሉም ሰው በኋላ ነበር። ጁነይድ ለአጎቷ ለአቶ ገብረአምላክ የከብት መኖ ንግድ ስምንት ዓመት ሙሉ ድርቆሽና ፉርሽካ ሲገዛ የኖረ፣ ከአርብቶ አደሩ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ከሾፌሩ በአማርኛ የሚግባባ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ቡሌ ሆራ ሥራ አመራር ተምራ የዚሁ ቤት ሥራ አስኪያጅ ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራ አስኪያጅ መባሏ ግን ለስሙ ነበር፤ በቤቱ ነገ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው የአቶ ገብረአምላክ ጭንቅላት ብቻ ነው።

«አካም ጁነይድ! መንገድ ላይ አልነበርክም እንዴ?»

«ናጋ ትርንጎ። ነበርኩ። ሁለት መኪና ድርቆሽ ይዤ ገባሁ፤ መጋዘኑን ክፈቺልኝ።»

«የምን ድርቆሽ?»

«ጋሽ ገብረአምላክ ያዘዙኝ ነዋ! ለማንም እንዳትናገር፣ አደራ ብለውኝ ነበር። አሁን መኪናዎቹ በር ላይ ቆመው የት ልደብቃቸው?»

ትርንጎ ራሷን ያዘች። መጋዘኑን ትናንት ለሲሚንቶ ነጋዴ አከራይታዋለች፤ ሰውየውም እስከ ጣሪያው ሞልቶታል። ያከራየችው በአጎቷ ትእዛዝ ሲሆን፣ እሷንም «ለማንም እንዳትነግሪ፣ አደራ» ብለዋታል። እንግዲህ ፍረዱ! አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱን ድርቆሽ አስገባ፣ ሌላውን መጋዘን አከራይ ብሎ፣ ሁለቱንም አፋቸውን አስይዞ፣ እሱ ፊልቱ ከተማ ለቅሶ ሄዷል። ስልኩም አይሠራም። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

«አትቆጣ ጁነይድ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን።»

«አልተቆጣሁም። መቆጣቱም ሰለቸኝ» አለ ጁነይድ። «ቡሌ ሆራ አንድ ነጋዴ ና ብሎኛል፤ ዛሬ መልሴን ይጠብቃል። እዚህ ስምንት ዓመት ስሠራ የነገው ሥራ ምን እንደሆነ፣ የእኔም ዕጣ ምን እንደሆነ አንድ ቀን የነገረኝ የለም። እህቴ፣ እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።»

ትርንጎ ደነገጠች። ድርቆሹ ቢበሰብስ ሌላ ይገዛል፤ ጁነይድ ከሄደ ግን የቤቱ እግር ሄደ ማለት ነው። «እባክህ፣ ጋሼ እስኪመጡ ብቻ ታገሰኝ፤ እኔ አናግራቸዋለሁ» ብላ ለመነችው። እሱም ይሉኝታ ይዞት እሺ አለ።

ሾፌሮቹ ሌላ ጭነት ስላለባቸው ድርቆሹን ግቢው ውስጥ አራግፈው ሄዱ። ጉዮ፣ የቤቱ የረጅም ጊዜ ጫኝና አውራጅ፣ ያገኘውን አንድ ሸራ አለበሰው። ሸራው የሸፈነው ግማሹን ነው። አቶ ገብረአምላክ ከፊልቱ ሲደርሱ ዝናቡ ሌላውን ግማሽ እያጠበው ነበር። ሰውየው በረንዳው ላይ ቆመው አዩትና «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? አንድ ቀን ብሄድ ቤቴን ታፈርሳላችሁ?» ሲሉ ጮኹ።

«ጋሼ፣ ያፈረስነው እኛ አይደለንም» አለች ትርንጎ። «ድርቆሹንም ያዘዙት፣ መጋዘኑንም ያስከራዩት እርስዎ ነዎት።»

«ድርቆሹ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር የሚገባው! በዚያን ጊዜ ሲሚንቶው ይወጣል። እኔ ሁሉንም አስቤዋለሁ!»

«አስበዋል። ግን ቀኑን ለማን ነገሩት?»

«ለምን እናገራለሁ? የተወራ ነገር ዓይን ይገባበታል። ያኔ ዶሎ መንገድ ላይ ሱቅ ልከፍት ነው ብዬ ብናገር፣ ሌላው ቀድሞኝ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን በሆዴ ይዤ እኖራለሁ።»

«ያኔ የተናገሩት እኮ ሰርግ ቤት፣ ለመንደሩ ሁሉ ነው! ለሠራተኞችዎ ቢሆን ኖሮ ምን ይጎዳዎት ነበር? ሚስጥርዎን ለእንግዳ አውርተው ተጎዱና ቅጣቱን ለቤተሰብ አደረጉት።»

አቶ ገብረአምላክ ይህን እንዳልሰሙ አለፉት። የድሮ በደል አነሱ።

«አንቺ ደግሞ ባለፈው ዓመት ዕቅድ፣ የቡድን መንፈስ ምናምን ብለሽ አሰልጣኝ አስመጣሽብኝ። ያ ሰው ምን አደረገ? እኔን በዚህ ዕድሜዬ ፊኛ አስነፋኝ! ጉዮን ዓይኑን ሸፍኖ ወደ ኋላ ውደቅ፣ ጓደኞችህ ይይዙሃል አለው። ያዙት? ወገቡን ሳምንት ሙሉ ታሸ። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍሽው ራዕይና ተልዕኮስ? በየቢሮው ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ባለቢሮው ግን የለም። ያ ወረቀት ዛሬ ድርቆሼን ከዝናብ አዳነው?»

ጁነይድ ይህን ሲሰማ ፈገግ ለማለት ዳዳው፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸና ይዞት ወደ ውጪ ወጣ። ትርንጎ በዓይኗ ተከተለችው። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት አታውቅም፤ አጎቷ ግን ገና ፊኛው ላይ ናቸው። መጮህ አማራት።

«ፊኛው ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወረቀቱም ትልቅ ቃል እንጂ ሥራ አልነበረበትም። ‹ተመራጭ መሆን› ብዬ ጻፍኩ፤ በዚህ ወር መጋዘኑን ማን ይይዘዋል የሚለውን አልጻፍኩም። እኔ የምለምንዎ ሌላ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህ ቤት የት እንዲደርስ ነው የሚፈልጉት? ለዚያ በሚቀጥለው ሦስት ወር ምን እንሠራለን? የትኛውን ማን፣ እስከ መቼ? ይኸው ነው። ከዚያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን፣ እያንዳንዱ የያዘውንና የቸገረውን ይናገር። የቡድን ሥራ የሚባለው ይህ ነው፤ መዝለልም መውደቅም የለበትም።»

«ሁሉም ካወቀ ሁሉም ያዝዛል!»

«ሁሉም ካላወቀስ? ዛሬ ያየነው ይሆናል።»

በዚህ መሐል ጉዮ የረጠበ የድርቆሽ እስር ተሸክሞ በረንዳው ላይ አወረደና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጋሼ፣ ልናገር?»

«ተናገር።»

«እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ጁነይድ በስልክ ‹ሐሙስ ድርቆሽ ይገባል፣ ቦታ አዘጋጅ፣ አደራ ለማንም እንዳትነግር› አለኝ። ትርንጎ ደግሞ ‹መጋዘኑን አጽዳ፣ ሲሚንቶ ይገባል፣ አደራ› አለችኝ። አንቱም ሲሄዱ ‹ጉዮ፣ የምታየውን ሁሉ በሆድህ ያዝ፣ አደራ› ብለውኛል።»

«ታዲያ ሲጋጭ እያየህ ዝም አልክ?!»

«ኤዬ፣ አዎ። ሦስት አደራ ነበረብኝ፤ ሦስቱንም ጠበቅኩ።» ጉዮ በኩራት ሳይሆን በሐዘን ነው የተናገረው። «እኛ አገር ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ስናወጣ ሰው ከታች እስከ ላይ ይቆማል፤ ባልዲው በእጅ በእጅ ይወጣል። ከእኔ በላይ ማን እንዳለ ካላወቅኩ ለማን አቀብላለሁ? እዚህ ግን ጎን ለጎን ቆመን እንዳንተያይ ተነግሮናል።»

አቶ ገብረአምላክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ በማን ይቆጡ? እንደታዘዘ በሠራው? ሠራተኛው ሰንፎ ቢሆን ይባረር ነበር፤ ይህን ጥፋት ያመጣው ግን ታማኝነቱ ነው። ንግድ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲታሰር፣ ሰዎቹ በታመኑ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። ሽማግሌው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው ቀላ፤ አፈሩም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እሺ ልጄ፣ ልክ ነሽ። ጁነይድን ጥሪልኝ። ከእሱ እጀምራለሁ።»

ጁነይድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ገባ።

«ስማኝ ጁነይድ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ፊልቱ የሄድኩት ለለቅሶ ብቻ አይደለም፤ መጋዘን ተስማምቼ መጣሁ። ቅርንጫፍ እከፍታለሁ። ኃላፊው አንተ ነህ፤ ከትርፉም ድርሻ አለህ። ይህን ካሰብኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ትርንጎ ደስ ብሏት ልታጨበጭብ ምንም አልቀራትም ነበር፤ የጁነይድን ፊት ስታይ ግን እጇ ወረደ።

«ሁለት ዓመት?» አለ። «ጋሽ ገብረአምላክ፣ አሁን እርስዎ ስለ ፊኛው ሲናገሩ ሰውየው ደወለ። እሺ አልኩት።»

«መልሰህ ደውልና አይሆንም በለው!»

«ቃል ሰጠሁ። ቃሌን እንደማልበላ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ጁነይድ የወሩን ሥራ አጠናቆ፣ የድርቆሽ ሻጮቹንና የሾፌሮቹን ስም ሁሉ ለትርንጎ አስረክቦ ሄደ። ጉዮ መናኸሪያው ድረስ ሸኘው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ገብረአምላክ ሠራተኞቻቸውን ግቢው ውስጥ አስቀመጡና፣ አንደበታቸው እየተያያዘ፣ ቤቱ የት መድረስ እንዳለበት ነገሯቸው። ትርንጎ ጻፈች፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰውና ቀን ተሰጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭነትና መጋዘን አልተጋጩም፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሲሄዱ በሩ አይዘጋም፤ ሠራተኛውም የነገውን ስለሚያውቅ ሌላ ቤት አያማትርም። የፊልቱም ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ ግን አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ አገሩንና ቋንቋውን ገና በሚለማመድ ኃላፊ።

አንድ የገበያ ወዳጃቸው በቅርቡ «ገብሬ፣ ዕቅድህን ለጫኝና አውራጅ ሁሉ ትዘረግፋለህ አሉ፤ አይወስዱብህም?» ሲል ጠየቃቸው።

አቶ ገብረአምላክ አልሳቁም።

«ዕቅዴን እንዳይወስዱብኝ ስደብቅ» አሉ፣ «ሰዌን ወሰዱብኝ።»