ጠርሙሱ ላይ ያለችው ሴት

በሰው አገር፣ ከሀራሙስ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሰው «መኪናዬ ወደብ ቆማለች» እያለ በስልክ ያወራል። አጠገቡ የተቀመጠችው ወጣት አማርኛውን ስትሰማ ከፌስታሏ ባዶ የወይን ጠርሙስ አወጣች።

«ጋሼ፣ ፈረንሳይኛ ያነባሉ?»

«ለወደብ ወረቀት የሚበቃኝን ያህል።»

«ይቺ ጠርሙሱ ላይ ብርጭቆ ይዛ መስመር የተሰመረባት ሴት ምንድን ናት?»

«ጠርሙሱን ከየት አመጣሽው?»

«ከምሠራበት ቤት፤ ውሃ ልይዝበት ነው።»

«አንቺስ ምን መሰለሽ?»

«‹ሠራተኛ አትንካ› የሚል መስሎኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ከእንግዳ የተረፈውን ሁሉ እጠጣው ነበር። ሲከፋኝ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጠኛል።»

«ኧረ እህቴ! ሆዷን አታይም እንዴ? እርጉዝ አትጠጣ፣ ፅንሱን ይጎዳል ነው የሚለው።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«ሦስት ወር ሙሉ ስትጠጣ የቆየችስ?»

«ማን?»

«ጓደኛዬ።»

«ዛሬውኑ ታቁም። ሐኪም ቤትም ይዘሻት ሂጂ፣ ብቻዋን እንዳትሄድ።»

«እሺ።»

«የት ነው ያለችው?»

«እዚህ አገር ጓደኛ የለኝም፣ ጋሼ።»

ሚኒባሱ መውረጃዬ ላይ ቆሞ ሲሄድ እኔ ከኋላቸው ሳልወርድ ቀረሁ።