እንዳይቧጨር የተቆለፈ ክፍል

«እንዴት ዋሉ እትዬ ሰብለወንጌል? የዘንድሮ ማንጎ እንዴት በዝቷል… ከዛፉ ሥር ስናስተምር ራሳችን ላይ ይወድቃል። መደመር በሱ ቀለለን።»

የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ትሩፋት ዓይናፋር ናት፤ ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ሻርፗን ወደ አፏ ትስባለች። በመንጌ ገበያ የርዕሰ መምህሩን ሚስት ስታገኝ ግን፣ ዓመት የቆየባት ምስጢር አላስቆም አላት።

«ስለ አንድ ሰው ላጫውትዎ። ስሙ ምን ያደርጋል… ብቻ ታታሪ ነው። ክልሉ ሲቋቋም ‹ትምህርት ቤት ራሱን ያስተዳድር፣ ጥራት ያኔ ይመጣል› ሲባል፣ እንደሱ ቶሎ የገባው የለም። ወላጆች ቀርከሃ ቆርጠው ለአንደኛ ክፍል ልጆች አንድ ክፍል ሠሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? እነሱ አበሩ፣ አሰሩ… አንበሳው ገብቶ ቢሮ አደረገው።

ክፋት የለበትም፤ ዴስኮቹ እንዳይቧጨሩ ብሎ ነው። ልጅ ያልተቀመጠበት ዴስክ መቼ ያረጃል? ኮሚቴውንም እዚያው ሰብስቦ ስለ ጥራት ያወያያል፤ ድምፁ ማንጎው ሥር ድረስ ይደርሰናል። ዝናብ ሲመጣ እኛ እንበተናለን፣ ጥራቱ ውስጥ ይቀራል…

ዝምታ ወርቅ ነው ይሉኛል። መንጌ ላይ ወርቅ በዝምታ ተገኝቶ ያውቃል? ይቆፈራል እንጂ። እና… እንዴት ብዬ ልንገርዎ… ያ ሰው አሶሳ ለስብሰባ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ ነው። ግድግዳውን የሠሩት እነ አቶ አልአሚን ደግሞ በጓሮ በኩል የትኛው ቀርከሃ እንደሚነሣ ያውቃሉ። ልጆቹ በዚያ ይገባሉ። እኔም… ቀጭን ነኝ፣ እገባለሁ። ማንበብ የለመዱት እዚያ ነው። ከወረዳ የመጡት ሱፐርቫይዘር ንባባቸውን ሲያደንቁ፣ ያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ‹የአመራር ውጤት ነው› አለ። ትሕትናውን አዩልኝ?

ሰኞ ኮሚቴው ክፍሉ ለልጆቹ ይሁን ወይስ ቢሮ ሆኖ ይቅር ብሎ ይወስናል አሉ። የሴቶች ተወካይ እርስዎ አይደሉ? እጅዎን ለየትኛው እንደሚያነሡ እኔ ምን አገባኝ…

ልጅዎ ሐሴት አሶሳ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች አሉኝ፤ ደስ ሲል። ብቻ ፈጣሪ እሷንም፣ ዕድሜ ልኳን፣ እንደዚያ ሰው ያለ ርዕሰ መምህር አያሳጣት።»