አራት ስልክ በአንድ ፌስታል

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሸዋሮቢት ባጃጅ መቆሚያው ጋ ጎረቤቴን ሙሳን አገኘሁት። ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። ሽንኩርት መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። አራት ስልክ ነው።

«ምን ጉድ ነው?» አልኩት።

«የቤቴን ስልክ ሰብስቤ ልሸጥ ነው። የዘምዘምን፣ የያሕያን፣ የናጅዋን፣ የራሴንም። ወላሂ አንድ አላስቀርም!»

ደነገጥኩ። ዘምዘም ሚስቱ ናት፤ ያሕያ ወንድ ልጁ። ሴት ልጁ ናጅዋ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለፈተናዋ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ሒሳብ የምታጠናው በስልክ በሚመጣ ቪዲዮ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖረው የልጄ ልጅ ትዕግሥትም የክፍሏ ልጅ ናት፤ ለዚሁ ቪዲዮ በየሳምንቱ ሃያ አምስት ብር ታስከፍለኛለች።

«ምን አደረጉህ?»

«ትናንት ሃምሳ ብር ካርድ ሞላሁ። ዛሬ በማለዳ ለመኪናው ልደውል ብል ባዶ! መኪናው ለሌላ ሰው ጫነ። ሠላሳ ጆንያ ሽንኩርቴ ጀውሃ መንገድ ዳር ፀሐይ እየበላው ነው። እነዚህ ናቸው በቪዲዮ የጨረሱት!»

ይህን ሲል ናጅዋ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ደረሰች።

«አባ፣ ይስሙኝ። ከተሸጠ በኋላ አይመለስም።»

«ምን እሰማለሁ?»

«የእኔን ካርድ የምትሞላው እማ ናት። የእኛ ስልክ የእርስዎን ካርድ እንዴት አድርጎ ይበላል?»

ልጅቱ የአባቷን ስልክ ከፌስታሉ አውጥታ መልእክቶቹን ታነብ ጀመር። ፊቷ ተለወጠ።

«አባ፣ የሁለት ቪዲዮ ደንበኛ ነዎት። አንዱ መንዙማ ነው።»

«እሱን ካራቆሬ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ አስገባልኝ። አንዴ ተከፍሎ ያለቀ መስሎኝ!»

«በየሳምንቱ ሃያ አምስት ይቆርጣል። ሁለተኛው ኳስ ነው፤ እሱም ሃያ አምስት።»

«ኳስ? እኔ? አዑዙ ቢላህ!»

«ለኢድ ዋዜማ ‹እንኳን አደረሰዎ፣ አንድን ይጫኑ› የሚል መልእክት መጥቷል። ተጭነዋል።»

«ታዲያ ሰው እንኳን አደረሰህ ሲል ዝም ይባላል?»

ሳቄን ዋጥኩ። ያላወቁትን ነገር መነካካት መጨረሻው ይኸው ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩበት። አሮጌ ስልኬንም ከኪሴ አወጣሁ።

«የኔ ባለ ቁልፍ ናት። ከዚህ ሁሉ ጉድ ነጻ ነኝ።»

«ጋሼ ተክሌ፣ እስቲ ያምጧት።»

እየኮራሁ ሰጠኋት። ጥቂት ነካክታ ቀና አለች።

«የእርስዎም ይቆርጣል። ከአምናው ፋሲካ ጀምሮ። የፊልም ነው።»

«ልጄ፣ ይቺ ስልክ እኮ ፊልም አታሳይም!»

«አታሳይም፤ መክፈል ግን ትከፍላለች።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ካርዴ በጎደለ ቁጥር የምቆጣው ትዕግሥትን ነበር። ዓመት ሙሉ! ሙሳ ሽንኩርቱን ረስቶ ሳቀ።

«አንተ ተክሌ፣ የማታየውን ፊልም ለማን ብለህ ነው የምትከፍለው?» አለኝ። ወዲያው ግን ወደ ልጁ ዞረ። «ይኸው! ሁሉም ይሸጥ ያልኩት ለዚህ አይደል?»

«አባ፣ ለኢድ በሬ የምትገዙት ስንት ቤት ሆናችሁ ነው?»

«አምስት ስድስት ሆነን ቅርጫ እንገባለን። ብቻውን በሬ የሚጥል ዕብድ ነው።»

«እኛ ቤት አራታችንም ለየብቻ በሬ እየጣልን ነው። የእማ ድራማ፣ የያሕያ ኳስ፣ የእርስዎ መንዙማና ኳስ፣ የእኔ ትምህርት፣ ሁሉም የአንድ ድርጅት ነው። በወር አምስት መቶ ብር እንከፍላለን። ሁሉንም የያዘ፣ ለአምስት ስልክ የሚሆን ጥቅል ግን አላቸው፤ በወር ሁለት መቶ ብር።»

«ያ ረቢ! ሦስት መቶ ብር በየወሩ ሜዳ ላይ?»

«አዎ።»

«ጥቅሉስ ካርዴን አይበላውም?»

«ሒሳቡ በያሕያ ስልክ ብቻ፣ በወር አንዴ ይቆረጣል። የእርስዎ ካርድ ለመኪናው ይቆያል።»

«ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስልክዎን መች ሰጥተውኝ ያውቃሉ?»

ሙሳ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ፌስታሉን ዘረጋላት።

«እንቺ። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

አባት ልጁን አፉ በይኝ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከስልኩም ጉድ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ትዕግሥትን ይቅርታ ጠየቅኋት።

ናጅዋ ለየብቻ የሚቆረጠውን ሁሉ፣ የእኔንም ፊልም ጨምራ፣ እዚያው ሰርዛ ጥቅሉን አስገባች። አንድ ቦታ ተረፈ።

«ትዕግሥት ትግባበት» አለ ሙሳ።

«ጎረቤት ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ደንቡ አምስት ስልክ ነው የሚለው፤ ቤተሰብም ጎረቤትም ይሆናል» አለች ናጅዋ።

ሽንኩርቱ እኩሌታው ተበላሸ፤ እኩሌታው ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ወራችን ነው። የሙሳ ካርድ ሞልቶ ያድራል። እኔ ለትዕግሥት በወር የማወጣው መቶ ብር አርባ ሆኗል። ሁለቱ ልጆች አብረው አጥንተው ተፈትነዋል፤ ውጤት ይጠብቃሉ። አንባቢዬም ልጁን ከመቆጣቱ በፊት የገዛ ስልኩን ያስመርምር፤ ያልገባውን አይጫን፤ በአንድ ቤት ለየብቻ የሚከፈለውንም አንድ ላይ ያድርግ።

ከሙሳ ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ነን። የእሱን እርድ እኔ፣ የእኔን እሱ ስለማንበላ አንድም ቀን ቅርጫ ገብተን አናውቅም። አሁን ወር በገባ ቁጥር አጥሩ ላይ ሆኖ ይጣራል፤

«ተክሌ! የቅርጫህን አምጣ!»

አርባ ብሬን ይዤ እወጣለሁ።