የፈገግታ ድምፅ

ከካዛንቺስ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት «ታክሲ ውስጥ ነኝ አልኩሽ እኮ፣ በቃ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«እናትሽ ናቸው?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት።

«አዎ እማማ። ስልክ ሳነሳ ውዬ ደክሞኝ ነው።»

«ምን ሥራ ነው እሱ?»

«የደንበኞች አገልግሎት። ሰው ተናዶ ይደውላል፣ እኛ እናበርደዋለን።»

«በምን?»

«በድምፅ። ማለቴ፣ ፈገግ ብለን ነው የምናወራው። መስታወት ሁሉ አለኝ ጠረጴዛዬ ላይ።»

«የሚያይሽ የለ!»

«ግን ይሰማል እማማ። ኮስተር ብዬ ‹ሲስተም የለም› ስል ይጮሁብኛል። ያንኑ ፈገግ ብዬ ስለው ‹እሺ እህቴ› ይሉኛል።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ውይ፣ ሲጣፍጥ! በይ ይቺን ድምፅ ለእናትሽ ደውለሽ አሰሚያቸው።»

ልጅቷ እየሳቀች ደወለች።

«ሄሎ እማዬ፣ እንደምን ዋልሽልኝ? ምን ልታዘዝ?»

የእናቷ ድምፅ ከኋላ ላለነውም ተሰማ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«አትደብቂኝ! እንዲህ ተለሳልሰሽ አውርተሽኝ አታውቂም።»

«ኡፍ! ማንም አልሞተም አልኩሽ እኮ፣ በቃ!»

«እፎይ፣ ተመስገን» አሉ እናቷ።

ጎተራ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩና በየትኛው ድምፄ እንደምለው ግራ ገባኝ።