የፊተኛው ገጽ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ ብለን እንጀምራለን።

አባቶቻችን ካህናት፣ ከእንጅባራና ከአዘና፣ ከጥሊሊና ከጫግኒ የሰኔውን ዝናብ ታግሣችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ የአቶ አየነው ክንዴን ዜና ሕይወት ልናነብላችሁ አደራ የተቀበልን ወዳጆቻቸው ቆመናል። ጽሑፉ እንደ ልማዳችን የሟቹን በጎነት ብቻ የሚዘረዝር አይደለምና፣ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙን፣ መካከሉ ላይ ደርሳችሁም እንዳትቆጡን አስቀድመን እንለምናችኋለን።

አቶ አየነው ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋዬ እንየው፣ ከዳንግላ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ በጥቅምት ወር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ተወለዱ። በቤት አዊኛ፣ ከቤት ውጭ አማርኛ እየተናገሩ አድገው፣ ፊደልንና ንባብን በደብሩ ቅጽር ሥር ከነበሩት የኔታ ዘንድ ተምረዋል። የኔታም ድምፃቸውንና የአእምሯቸውን ፍጥነት አይተው ለዜማ ቤት አስበዋቸው ነበርና፣ አባታቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ባስገቧቸው ጊዜ አዝነው፣ «ክንዴ፣ ለመቅደስ የተሳለውን ልጅ ለጠመኔ ሰጠኸው» እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይወቅሷቸው እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳንግላ ጨርሰው በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. ወደ መምህራን ማሠልጠኛ በገቡ ጊዜ፣ የጥሊሊ ተወላጅ ከሆኑት ከአቶ መሳፍንት አሳምነው ጋር ተገናኙ። የሁለቱም ቤት ድኻ ስለነበረ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት አንብበው ተመረቁ፤ አቶ አየነው ወደ አዘና፣ አቶ መሳፍንትም ወደ ጥሊሊ ተመድበው ሲለያዩ በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው እጅ ደብዳቤ መላላክ ጀመሩ። ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላም ይህን ልማዳቸውን አልተዉም፤ «ይድረስ ለወንድሜ» ብሎ የሚጀምረውን ወረቀት አቶ አየነው በእንጨት ሣጥን ውስጥ በየዓመቱ ለይተው ያስቀምጡት ነበር።

በጥር ፲፱፻፹፱ ዓ.ም. ወይዘሮ ውቢት ሽመክትን በሥርዓተ ተክሊል ሲያገቡ አንደኛ ሚዜያቸው አቶ መሳፍንት ነበሩ፤ የበኩር ልጃቸውን ዮርዳኖስንም ክርስትና ያነሡት እርሳቸው ናቸው። አቶ አየነው ወደ ዳንግላ ተዛውረው ሃያ ዓመት ሙሉ ታሪክ አስተምረዋል፤ ተማሪ ሲሳሳት የማይመቱ፣ ነገር ግን «ማስረጃህን ከነምንጩ አምጣ፤ ግማሽ ያነበበ ካላነበበ ይብሳል» እያሉ የሚገሥጹ መምህር እንደነበሩ ከመካከላችሁ ያስተማሯቸው ብዙዎች ይመሰክራሉ።

በ፳፻፲፩ ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱም ወዳጆች በአካባቢያችን አዲስ ቅርንጫፍ በከፈተ ፓርቲ ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የአቶ መሳፍንት አንድያ ልጅ ቤዛዊት በድንገት ታማ ዐረፈች። በተቀበረች በሰባተኛው ቀን አቶ መሳፍንት በእጃቸው ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው እንደ ልማዳቸው ለአቶ አየነው ላኩ፤ አቶ አየነውም አንብበው፣ አልቅሰው፣ በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡት።

ከስድስት ወር በኋላ የዞኑ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር በዕድሜ ምክንያት ስለ ለቀቁ፣ በጥር ፳፻፲፪ ዓ.ም. በእንጅባራ በሚደረገው ጉባኤ ሌላ እንዲመረጥ ሆነ። የሁለቱም ስም ተጠቆመ። አንዳቸው ለአንዳቸው «አንተ ሁን፣ አንተ ሁን» ሲባባሉ ሰንብተው፣ በመጨረሻ አንዳቸውም ዕጩነታቸውን ሳይተዉ ቀሩ፤ የብዙው ሰው ልብም ወደ አቶ መሳፍንት ማዘንበሉ በታወቀ ጊዜ የአቶ አየነው ልብ ተለወጠ።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምናነበው ከሰው የሰማነው ወሬ አይደለም። በንስሐ የተናገሩትን የንስሐ አባታቸው ብቻ ያውቁታል፣ እርሱም ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል፤ ይህ ግን አቶ አየነው ባለፈው ግንቦት በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበት፣ በቀብራቸው ዕለት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የተናዘዙት ቃል ነው።

ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው አቶ አየነው ሣጥኑን ከፍተው፣ የዚያን የሐዘን ደብዳቤ፣ የአቶ መሳፍንት ፊርማ ያለበትን ሁለተኛ ገጽ ብቻ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ስማቸውን በደበቀ የቴሌግራም አድራሻ ለተወካዮች ሁሉ በተኑት። ሐዘኑ የተጻፈበትን፣ ቀኑና የልጂቱ ስም ያለበትን የፊተኛውን ገጽ በሣጥኑ አስቀሩት። በተበተነውም ገጽ ላይ፣ ሁላችሁ ያኔ ያነበባችሁት ባይሆን ኖሮ ባልደገምነው ነበር፣ የሰዎች ጭብጨባ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ እንደሆነባቸው፣ ሲያባራም የሚቀር ነገር እንደሌለው፣ የሰው ፊት ማየትም እንደሰለቻቸው ተጽፎ ነበር። ልጁን በቀበረ በሰባተኛው ቀን ይህን የማይል አባት ማን ነው? ተወካዮቹ ግን ይህን አላወቁምና፣ ናቀን፣ ጠላን አሉ።

በጉባኤው ዕለት አቶ መሳፍንት ለመናገር ከወንበራቸው ሲነሡ አንድ ተወካይ ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ፤ ጎረቤቱ ተከተለው፤ በጥቂት ጊዜም አዳራሹ በሙሉ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አንኳኳ። አቶ መሳፍንት ጥቂት ቆመው ተመልክተው፣ ንግግራቸውን ትተው ተቀመጡ። አቶ አየነውም ከሰማንያ አራት ድምፅ ሃምሳ ስምንቱን አግኝተው ተመረጡ። ከዚያ በኋላ አቶ መሳፍንት በጥሊሊ ገበያ ሲያልፉ ባለሱቆች የቆርቆሮ መዝጊያቸውን በጣታቸው እያንኳኩ፣ «ጋሼ፣ አባራ ወይ?» እያሉ ይሣለቁባቸው እንደነበር ስንቶቻችን ሰምተን ዝም ብለናል! ስንቶቻችንስ ስቀናል!

ደብዳቤው የተጻፈው ለማን እንደሆነ ከዓለም ሁሉ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የፓርቲው አጣሪዎች አቶ መሳፍንትን ጠርተው፣ «ይህን ለማን ጻፉ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ለወንድሜ» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሱም። አንዲት ስም ቢናገሩ ምርጫው ይሻር እንደነበር እያወቁ፣ የበደላቸውን ሰው ምስጢር አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቁ።

አቶ አየነው በወንበሩ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ ምክንያቱን ሳይናገሩ ለቀቁ። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ የቤታቸውን ጣሪያ ሲመታ መቀመጥ ስለማይችሉ፣ ደጅ ወጥተው እየረጠቡ ይቆሙ እንደነበር ባለቤታቸው ወይዘሮ ውቢት ነግረውናል። በ፳፻፲፮ ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው፤ በባሕር ዳር ቢታከሙም አልተሻላቸውም።

ባለፈው የካቲት ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ጥሊሊ ሄደው፣ ከሚኒባስ እንደ ወረዱ፣ በአገራችን የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው በአቶ መሳፍንት ደጅ ተንበረከኩ። አቶ መሳፍንት ወጥተው ለሽማግሌዎቹ፣ «ድንጋዩን አውርዱለት፤ የታመመ ሰው ነው» ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ማርኩም አላሉ፣ አልምርም አላሉ። ሽማግሌዎቹ ተከትለው ገብተው ቢለምኗቸው፣ «በአደባባይ የተሰበረ በጓዳ አይጠገንም» አሉ። አቶ አየነውም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ ሰንበቱ ሲደርስ ግን ከደጀ ሰላም አላለፉም፤ ሦስት ሰንበት ደርሰው ሦስቱንም ሳይናገሩ ተመለሱ። በሕይወት ሳሉ ያልደፈሩትን ለሞታቸው ተዉት። ይህንም ራሳቸው ጽፈውታል።

ልጆቻቸው ስለ አባታቸው ክብር አዝነው ይህ ክፍል እንዲቀር ለምነውን ነበር፤ እኛም ልባችን ተከፍሎ ነበር። ወይዘሮ ውቢት ግን፣ «አባታችሁ የሰው ደብዳቤ ግማሹን ደብቀው ነው ወንድማቸውን ያጠፉት፤ የእርሳቸውን ታሪክ ደግሞ እኛ ግማሹን ደብቀን አንቅበራቸውም» ስላሉ፣ ክፍሉን ሳንቀንስ ጻፍነው።

አቶ አየነው ክንዴ ሰኔ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውቢት ሽመክትን፣ ልጆቻቸውን ዮርዳኖስን፣ ብሥራትንና እናትነሽን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ዮዲት ክንዴን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህም ጋር እንዲጻፍ በኑዛዜያቸው ያዘዙት አንድ ስም አለ፦ ወንድማቸው አቶ መሳፍንት አሳምነው። ይህን ስንጽፍ እርሳቸው በዚህ ሕዝብ መካከል ይገኙ አይገኙ አናውቅም።

የደብዳቤው ሁለቱም ገጾች በእጃችን ባለው ፖስታ ውስጥ ታሽገዋል። አንዳንድ ወዳጆች፣ የአቶ መሳፍንት ስም እንዲነጻ የፊተኛውን ገጽ ዛሬ በአደባባይ አንብቡት ብለውን ነበር፤ ነገር ግን ያ ገጽ የአንድ አባት ልቅሶ ነው እንጂ ለእኛ የተጻፈ አይደለም፤ ኋለኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተነበበበት በደል፣ ፊተኛውን ያለ ፈቃዱ በማንበብ አይካስም። ስለዚህ አልከፈትነውም። አቶ መሳፍንት እዚህ ካሉ፣ ሥርዓተ ቀብሩ ሲፈጸም በእጃቸው እንሰጣቸዋለን፤ ከሌሉም ከሠልስት በኋላ ወደ ጥሊሊ እንወስደዋለን። ያኔ ጠረጴዛ ያንኳኳችሁ፣ መዝጊያ የመታችሁ፣ የሳቃችሁም ብትኖሩ፣ መንገዱን ከእኛ ጋር ሂዱ፤ ድንጋዩ ለአንድ ሰው ማጅራት ብቻ የሚበቃ አልነበረም።

የሰውን ሁሉ ሕይወት ፊተኛውንም ኋለኛውንም ገጽ በአንድነት የሚያነብ፣ ግማሹን ይዞ የማይፈርድ አምላክ፣ የአገልጋዩን የአየነውን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለተበደለውም ወንድማቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።