ለስውር ፖሊሶቹ የተለቀሰ ለቅሶ

ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ስለ ስውር ፖሊሶች ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ሊቀርጹ መጡ። እኔም ተዋናይ ሆንኩላችሁ! ምን ሆነህ በሉኛ? የሚታሰረውን ሌባ ሆኜ ነዋ! ፖሊሱን ልሁን ብለው ዳይሬክተሩ "አትመስልም" አለኝ። ፀሐዩ ሲበረታባቸው ትልቅ ድንኳን ተከሉና ወንበር ደረደሩ። ጥቁር በጥቁር የለበሱት ስውር ፖሊሶች ከሥሩ ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። ድንኳን፣ ጥቁር ልብስ፣ የተደፋ አንገት! ለእኛ ሰፈር ሰው ከዚህ በላይ ምን መርዶ ነጋሪ ያስፈልገዋል? ጎረቤታችን እማማ ጠጅቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አሮጊት ሽማግሌውን አስከትለው፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ገቡላችሁ። ዳይሬክተሩ በዕብራይስጥ "ሼኬት! ዝም በሉ!" ብሎ ሲጮህ፣ ሐዘኑ የጸናበት እሱ መስሏቸው ከበው አለቀሱለት።

እኔ እጄ በካቴና እንደታሰረ ሮጬ፣ "እማማ፣ ኧረ የሞተ ሰው የለም፤ ፊልም ነው!" አልኳቸው። እንባቸውን ጠርገው፣ ፖሊሶቹን አንድ በአንድ አይተው፣ ሳያምኑኝ ሄዱ።

ፊልሙ ጥቂት ሳምንት ታየና ተመልካች አጥቶ ተቋረጠ። እማማ ጠጅቱን ደረጃው ላይ አግኝቻቸው ይህንኑ ነገርኳቸው። አልደነቃቸውም።

"እኛማ ቀድመን ደርሰንለት ነበር" አሉኝ፣ "የሞተ የለም ብለህ ከለቅሶው የመለስከን አንተ ነህ።"