እናቴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተጠየቀችው

የእኔ ኒካህ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። በጦርነቱ ቴሌቪዥናችን ተዘርፎ እህቴ ከሳዑዲ ሌላ ልካልን ነበርና፣ አባቴ ከዓሣ ማጥመዱ ሲመለስ በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም አይቀረውም። ያን ቀን የፍርድ ቤት ፊልም ነበር። ጠበቃው ልጅቷን «ካልፈለግሽ ለምን ዝም አልሽ?» አላት። «ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም» አለች። አባቴ «ዝም ካለችማ እሺ ብላለች» ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። «አንቺስ ኒካህ ስናስር ምስክሮቹ ፈቃድሽን ሲጠይቁሽ ዝም ብለሽ አልነበር?» እናቴ ምስር መልቀሟን ሳታቆም፣ «እያለቀስኩ ነበር። ለምስክሮቹ ‹እሺ ብላለች› ያለቻቸው አክስቴ ናት» አለችው።

ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ፊልሙ አልቆ ዜና ሲጀምርም ልብ አላለም። ቆይቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ፈራ ተባ እያለ «ዛሬ ብትጠየቂስ?» አላት። «ላስብበት» አለችው። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን እራቱንም በቅጡ አልበላም። በማግስቱ መረቡን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ሊወርድ ሲል እናቴ ከደጅ ጠራችው። «ሰውዬው፣ አስቤበታለሁ። እሺ።» መረቡን መሬት ላይ አስቀመጠና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺ ቀን ማንም በአንቺ ፈንታ አይመልስም። ካንቺው አፍ እስክሰማ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለኝ።